ጦሩና መቋሚያው፦ የቅዱስ ያሬድን ሥዕል ስሜትና ምሳሌ ከደብረ ታቦር አቋቋም አንጻር ማንበብ

መነሻ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ሰማዕታት፣ ፈረሰኞች፣ መላእክትና ነገሥታት በብዛት ተሥለዋል። የዜማ ሰው በዜማው ላይ እንዳለ የሚታይባቸው ሥዕሎች ግን ጥቂት ናቸው፤ ከእነዚህም ጎልቶ የሚታወቀው የቅዱስ ያሬድ ሥዕል ነው። አቀማመጡ ከደብር ደብር እምብዛም አይለወጥም። በአንድ ወገን ያሬድ ነጭ ለብሶ፣ ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ ቆሟል። ከፊቱ ዐፄ ገብረ መስቀል ዘውድ ደፍቶ፣ ጦሩን ተደግፎ ያዳምጣል። የጦሩ ጫፍ ያረፈው መሬት ላይ ሳይሆን ያሬድ እግር ላይ ነው፤ ከእግሩም ደም ይወርዳል። ከራሳቸው በላይ ሦስት ወፎች አሉ። ሥዕሉን ከሌሎች የቅዱሳን ሥዕሎች የሚለየው ታዲያ ደሙ አይደለም፤ ደምማ በሰማዕታቱ ሥዕል ሁሉ አለ። የሚለየው ደሙን የሚያይ ሰው በሥዕሉ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ወጊው መውጋቱን፣ ተወጊውም መወጋቱን አያውቅም። ይህ መጣጥፍ የሚጠይቀው ቀላል የሚመስል ጥያቄ ነው፦ የዚህ ሥዕል ስሜት ምንድን ነው? በሥዕሉስ ውስጥ የተቀመጠው የት ነው?

የተለመደው መልስ ሥዕሉ የያሬድን ቅድስናና የዜማውን ጣዕም የሚያስተምር ነው የሚል ነው። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ሥዕሉን ወደ አንድ ትምህርት ጨምቆ ስለሚያልፈው፣ ዓይን የሚያርፍባቸውን ነገሮች ሳይመረምር ይቀራል። እዚህ የሚቀርበው ክርክር ይህ ነው፦ የያሬድ ሥዕል ስሜት በአንድ ፊት ላይ አልተጻፈም፤ በዘማሪውና በአድማጩ መካከል ተዘርግቷል፤ የሁለቱ ማያያዣም ጦሩ ነው። ጦሩ በንጉሡ እጅ ሳለ እንደ መቋሚያ ያገለግላል፤ ያም ሆኖ ጦር መሆኑን አልተወም። ተመስጦም ሕመምም ከዚህ ድርብነት ይመነጫሉ። ይህን ንባብ ለመፈተን ከጉና ተራራ ዙሪያ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ተራራ ዙሪያ ባለው የደቡብ ጎንደር ደጋ ያሬዳዊ ዜማ በየዘርፉ የራሱ መንበር አለው፤ ለድጓው የጋይንቷ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና ለመዋሥዕቱ ዙር አምባ፣ ለአቋቋሙ ደግሞ ደብረ ታቦር። በዚህ አገር ሥዕሉን የሚያየው ሰው ብዙ ጊዜ በሥዕሉ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች በእጁ ይዞ የሚያገለግል ሰው ነው። የእርሱ ዓይን የሚያየውን ነገር ለሥዕሉ ትርጓሜ እንደ ማስረጃ መቁጠር ይገባል።

ፊት፣ እጅና እግር

ስሜትን ከሥዕል ስንፈልግ መጀመሪያ የምናየው ፊትን ነው። በዚህ ሥዕል ግን ፊት ብዙ አይናገርም። የያሬድ ዓይኖች ተከፍተዋል፣ ቅንድቡ አልተኮማተረም፣ አፉ ዘጋ ያለ ወይም በትንሹ የተከፈተ ነው። የንጉሡም ፊት እንዲሁ ጸጥ ያለ ነው። ይህን ጸጥታ የአሣሣል ድክመት አድርጎ መቁጠር ይቀል ይሆናል፤ ነገር ግን ያው የሥዕል ትውፊት ፊትን ማናገር ሲፈልግ እንደሚችል በዚያው ግድግዳ ላይ ያሉት ሌሎች ሥዕሎች ይመሰክራሉ። በስቅለት ሥዕል እመቤታችንና ዮሐንስ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አሳርፈው ያዝናሉ። ክፉዎቹ፣ ገራፊዎቹና ጭፍሮቻቸው፣ በአንድ ወገን ፊትና በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ ጻድቃን ግን ሁለት ዓይናቸው ይታያል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በተለይ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የዳበረው ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል ደግሞ ፊትን በጥላና በብርሃን እያለሰለሰ ማውጣትን ያውቅ ነበር። ስለዚህ በያሬድ ፊት ላይ ሕመም ካልታየ ሠዓሊው ስላልቻለ አይደለም፤ ሕመሙ እዚያ ስላልደረሰ ነው። ሥዕሉ አንድን አካል ለሁለት ይከፍለዋል፦ እግሩ ቆስሏል፣ ፊቱ ግን ገና አልሰማም። ተመልካቹ ከላይ ወደ ታች ሲያይ ከጸጥታ ተነሥቶ ወደ ደም ይወርዳል፤ ከታች ወደ ላይ ሲያይ ደግሞ ከደም ወደ ወፎቹ ይወጣል። ስሜቱ የሚገኘው በዚህ ጉዞ ውስጥ ነው እንጂ ከሁለቱ ጫፎች በአንዱ ላይ ብቻ አይደለም።

ንጉሡም ሁለት ዓይን ያለው መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። በሰማዕታት ሥዕሎች ሥርዓት ጦር ይዞ የጻድቅን ሥጋ የሚወጋ ሰው የአንድ ዓይን ዕጣ ይደርሰዋል ብለን ብንጠብቅ አያስገርምም። ገብረ መስቀል ግን በጻድቃን ወገን ተሥሏል። ሠዓሊው ድርጊቱን ከአድራጊው ለይቶታል ማለት ነው፤ ጦሩ ይወጋል፣ ሰውየው ግን ያዳምጣል። እዚህ ላይ ከንጉሥ ዳዊት ሥዕል ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በመዝሙረ ዳዊት ብራናዎች ላይ ዳዊት በገና ይዞ ተቀምጦ ይታያል። የዳዊት ሥዕል አድማጭ ባይኖረውም ይሟላል፤ ንጉሡም ዘማሪውም እርሱ ራሱ ነውና፤ ስሜቱም በእርሱና በበገናው መካከል ያልቃል። የያሬድ ሥዕል ግን ያለ ገብረ መስቀል አይቆምም። በዳዊት አንድ የነበሩት ሁለት ነገሮች፣ ሥልጣንና ዜማ፣ እዚህ በሁለት ሰዎች ተከፍለው ፊት ለፊት ቆመዋል፤ የሚያገናኛቸውም የብረት ዘንግ ነው። የሥዕሉን ስሜት በያሬድ ፊት ብቻ የሚፈልግ አንባቢ የሥዕሉን ግማሽ ትቶታል ማለት ነው።

ሁለቱ ዘንጎች

በሥዕሉ ውስጥ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች አሉ፦ በያሬድ በኩል መቋሚያው፣ በንጉሡ በኩል ጦሩ። ቁመታቸው ይቀራረባል፣ አያያዛቸውም ይመሳሰላል። ይህን መመሳሰል በአቋቋም ሥርዓት ብንመዝነው ትርጉሙ ይገለጣል። በማኅሌት አንድ ዜማ በአንድ ጊዜ ተጀምሮ በአንድ መልክ አያልቅም። መጀመሪያ በቁም ዜማ ያለ መሣሪያ ይባላል። ቀጥሎ ዝማሜው ሲመጣ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ከዜማው ጋር እያወዛወዙ፣ ጫፉን መሬት እያስነኩ፣ ሰውነታቸውን ያዘነብላሉ። ከዚያ በመረግዱ ጸናጽልና ከበሮ ይገባሉ፤ በጽፋቱ ምቱ ይፈጥናል። ያሬድ በእጁ ጸናጽል የያዘው ንጉሥ ፊት ስለቆመ ለጌጥ አይደለም፤ ሥዕሉ ዜማው የጋለበትን ሰዓት ይነግረናል። ንጉሡ ደግሞ በያሬድ ዜማ ልቡ ተወስዶ ጦሩን ሲያሳርፍ፣ እንቅስቃሴው ዘማሚ ሊቅ መቋሚያውን መሬት ከሚያስነካበት እንቅስቃሴ ጋር አንድ ነው። ሊገድል የሚወጋ ሰው ጦሩን ይወረውራል ወይም አግድም ይሰብቃል፤ ገብረ መስቀል ግን ቀጥ አድርጎ ተክሎ ተደግፎታል። ጦረኛ ጦሩን እንዲህ አይዝም፤ የማኅሌት ሰው ግን መቋሚያውን እንዲሁ ይይዛል። ንጉሡ ሳያውቀው ማኅሌታይ ሆኗል። የጠፋው አንድ ነገር ቢኖር፣ ዘንጉ ሊያርፍበት የሚገባው መሬት ነው፤ በመሬቱ ፈንታ የዘማሪው እግር ገብቷል።

ደብረ ታቦር ለዚህ ንባብ ጉልበት የምትሰጠው በተክሌ አቋቋም ነው። የፎገራው ሰው አለቃ ገብረ ሐና ከጎንደሩ አቋቋም የተለየ የሰውነት እንቅስቃሴ እንደፈጠሩና፣ መነሻቸውም የጣና ማዕበልና በነፋስ የሚወዛወዝ ተክል እንደነበረ ይነገራል። ስልቱ የሚጠራው በልጃቸው በተክሌ ስም ሲሆን፣ ጎንደር የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉትን ነባር ስልቶቿን ስትጠብቅ እርሱ በደብረ ታቦር ሥር ሰደደ። በተክሌ መቋሚያ በእጅ ያለ ዱላ ብቻ አይደለም፤ ሰውነት የሚከተለው መሪ ነው። ዘንጉ ወዴት እንዳጋደለ ትከሻው፣ ወገቡና ጉልበቱ ወደዚያ ያጋድላሉ። በዚህ ሥርዓት ያደገ ዓይን ያሬድንና ንጉሡን ሲያይ የሚያስተውለው ሁለት ቆመው የሚነጋገሩ ሰዎችን አይደለም፤ በቅኔ ማኅሌት ፊት ለፊት ከተሰለፉት የግራና የቀኝ ወገኖች ሁለቱን ያያል። ሠዓሊውም ይህን ንባብ ይደግፋል። በትውፊት ያሬድና ገብረ መስቀል የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱም ሰዎች ናቸው፤ በሥዕሉ ግን ያሬድ የሚለብሰው ሠዓሊው በዘመኑ ያያቸውን የደብተራዎች ልብስ ነው፣ ንጉሡም የሠዓሊውን ዘመን ነገሥታት ይመስላል። ይህ ታሪክን አለማወቅ ተብሎ መታለፍ የለበትም። ሠዓሊው የሣለው በአንድ ወቅት በአክሱም የሆነውን ብቻ ሳይሆን፣ ማኅሌት በተቆመ ቁጥር የሚሆነውን ነው።

ደሙና ርክርክ

ደሙ ከዜማው ውጭ የመጣ አደጋ ነው ወይስ የዜማው ክፍል? ለዚህ የሚረዳን ማስረጃ በራሱ በዜማው ጽሕፈት ውስጥ አለ። በትውፊት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ማለትም ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ የዜማውን ምልክቶች አዘጋጁ። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የድምፅን መውደቅና መነሣት፣ መያዝና መቁረጥ ያመለክታሉ። መምህራኑ ግን በዚህ አያቆሙም፤ ምልክቶቹን ከክርስቶስ ሕማማት ጋር አያይዘው ያመሠጥሯቸዋል። ይዘት መያዙን፣ ጭረት በገላው ላይ የቀረውን የግርፋት ሰንበር፣ ርክርክ ደግሞ የደሙን መንጠብጠብ ያስባል። የከበሮው ጠፍር ሰንበሩን፣ የመቋሚያው ወዲያና ወዲህ መወዛወዝም የጌታን መንገላታት ያስታውሳል ይላሉ። እንግዲህ ድጓ የተማረ ሰው ድምፁን በጉሮሮው እያንጠባጠበ ርክርክን ሲል ደም ያስባል። በሥዕሉ ደሙ ከያሬድ እግር በተነጠሉ ነጠብጣቦች ሲወርድ፣ ለዚህ ሰው አዲስ ነገር አልተጨመረም፤ በጽሕፈት የሚያውቀው፣ በጉሮሮውም የሚያወጣው ነገር በቀለም ተደግሟል። ሥዕል ድምፅ የለውም፤ ዜማውን የሚያሰማበት መንገድ ካለው ግን አንዱ ይህ የደም ነጠብጣብ ነው። ያሬድ በአፉ የሚለውን እግሩ ይጽፈዋል።

ከላይ ያሉት ሦስት ወፎችም በዚሁ መንገድ ይነበባሉ። ስንክሳሩና ገድሉ እንደሚሉት ወፎቹ ከኤዶም ገነት ተልከው ያሬድን ያነጋገሩትና ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም የወሰዱት፣ በዚያም የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ዜማ የሰማው፣ በንጉሡ ፊት ከመቆሙ አስቀድሞ ነው። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ ዜማዎችም በሥላሴ ይመሰላሉ። በጽሑፉ የወፎቹና የጦሩ ታሪክ የተለያዩ ምዕራፎች ናቸው፤ በሥዕሉ ግን በአንድ ሸራ ላይ፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ሆነው ይታያሉ። ተመስጦ የሚለው ቃል በግእዝ መነሻው መንጠቅ ነው፤ የተመሰጠ ሰው የተነጠቀ ሰው ነው። ወፎቹ ያሬድን ወደ ላይ ይነጥቃሉ፣ ጦሩ ደግሞ እግሩን ከምድር ጋር ይቸነክረዋል። ሠዓሊው ተመስጦን ከሥጋ መውጣት አድርጎ አላሰበውም፤ ሥጋው ምድር ላይ ተቸንክሮ እንዳለ የሚሆን ነገር አድርጎ ነው።

የዚህን ምርጫ ልዩነት ለማየት ሩቅ አገር ያለ አንድ ሥዕል ያግዛል። ጣልያናዊው ራፋኤል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሣላት፣ ዛሬ በቦሎኛ የምትገኘው ቅድስት ሴሲሊያ የመላእክትን ዝማሬ ሰምታ ወደ ሰማይ ቀና ብላለች። የያዘችው ትንሽ ኦርጋን ከእጇ ሊያመልጥ ነው፤ ከእግሯ ሥር የተሰባበሩ የዜማ መሣሪያዎች ወድቀዋል። በዚያ ሥዕል ሰማያዊው ዜማ ሲመጣ ምድራዊው ይጣላል። በያሬድ ሥዕል ግን ጸናጽሉ አይወድቅም፣ መቋሚያውም ከእጅ አይወጣም። ሰማያዊው ዜማ በዚህ ብረትና በዚህ እንጨት በኩል ያልፋል። የተሰበረ ነገር ካለም የዘማሪው ሥጋ ነው እንጂ መሣሪያው አይደለም። በአንዱ ሥዕል ዋጋውን የከፈለው መሣሪያው ነው፤ በሌላው ሰውየው ራሱ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከልማድ ይነሣል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከአብነት ይቀዳል፤ ንድፉን ከቀደመ ሥዕል ወስዶ ቀለም ይሞላል፤ ስለዚህ ከመስመሩ ስሜት ለማውጣት መሞከር ሠዓሊው ያላሰበውን መጫን ነው ይባላል። አብነት መኖሩ እውነት ነው፤ ግን አብነት ስሜትን ካጠፋ ያሬዳዊ ዜማም ስሜት የለውም ማለት ነው። ድጓው ተጽፏል፣ ምልክቱ ተቀምጧል፣ ተማሪው ከመምህሩ ሳያዛንፍ ይቀበለዋል፤ ሆኖም ለቤተልሔም ድጓ ምስክርነት ለማግኘት ዓመታት የሚደክም ሰው የሚደክመው ባዶ ቅርጽ ለመቀበል አይደለም። አብነት የብዙ ሰዎች ምርጫ የተጠራቀመበት ነው። ሠዓሊዎች ትውልድ እየተቀባበሉ ጦሩን ያሬድ እግር ላይ፣ የሁለቱን ዓይን ደግሞ ከቁስሉ ርቆ ሲያስቀምጡ፣ ይህን አቀማመጥ ደጋግመው መርጠውታል። ከዚህም በላይ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ራሳቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሱ ሰዎች ነበሩ፤ ዝማሜና ርክርክ ለእነርሱ እንግዳ ቃላት አልነበሩም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሥዕሉ የስንክሳሩ ማብራሪያ ብቻ ነው፣ ትርጉሙም በጽሑፉ አልቋል የሚል ነው። ጽሑፉ ግን የሚሄድ ታሪክ ነው። ያሬድ ይዘምራል፣ እግሩ በጦሩ ይወጋል፣ ዜማው ሲያልቅ ደሙ ይታወቃል፣ ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ይነቅላል፣ ለደሙ ካሣ የፈለገውን እንዲጠይቅ ይለዋል፣ ያሬድም ወደ ገዳም እንዲሄድ እንዲያሰናብተው ይለምናል፤ ንጉሡ እያዘነም ቢሆን ይለቀዋል። ከዚህ ሁሉ ድንጋጤውን፣ ሐዘኑንና ስንብቱን መሣል ይቻል ነበር። ሥዕሉ የያዘው ግን ማንም ምንም ያላወቀበትን ቅጽበት ነው። በጽሑፉ ዜማው ያልቃል፤ በሥዕሉ ግን አያልቅም፣ ጦሩም አይነቀልም። በቅኔ ወርቁ ሲወጣ ሰሙ ይቀልጣል ይባላል፤ በሥዕል ግን ሰሙ አይቀልጥም። ምሥጢሩን ካወቅን በኋላም ጦሩ እዚያው ነው፣ ደሙም እዚያው ነው። ሥዕሉን በጽሑፉ የሚተካ አንባቢ ይህን የማያልቅ ቅጽበት ያጣዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። ተመስጦ የሚለው ንባብ ሥልጣንን ይሸፍናል፤ በመጨረሻ የሚደማው ዘማሪው ነው፣ የሚወጋው ደግሞ ንጉሡ ነው፤ ሥዕሉ የባለሙያን ሥጋ የሚያስከፍል ቤተ መንግሥት ሥዕል ነው ሊባል ይችላል። ይህ ንባብ እውነት አለው፤ ታሪኩም ይደግፈዋል፤ ያሬድ በደሙ ዋጋ የጠየቀው ወርቅ ወይም ሹመት ሳይሆን ከቤተ መንግሥት መውጣትን ነውና። ነገር ግን ንባቡ ሁለት ነገሮችን ማስረዳት አይችልም። አንደኛ፣ ንጉሡ በጻድቃን ዓይን ለምን ተሣለ? ሁለተኛ፣ ጦሩ ለምን እንደ ጦር አልተያዘም? ስለዚህ ተቃውሞውን መጣል ሳይሆን ቦታ መስጠት ይገባል። ንጉሡ በዜማው ተይዞ ሥልጣኑን ረስቷል፤ የረሳው ሥልጣን ግን በእጁ አለ፣ የተሳለም ነው። መቋሚያ ሊሆን የፈለገ ጦር አሁንም ይወጋል። ሥዕሉ ንጉሡን ሳይኰንን፣ ደሙንም ሳይደብቅ ይህን ያሳያል፤ እዚህ ላይ ከብዙ ስብከትም ከብዙ ክስም ይልቅ ታማኝ ነው።

ማጠቃለያ

ደሙን በሥዕሉ ውስጥ ማንም ካላየው፣ የሚያየው ማን ነው? የሚያየው ከሥዕሉ ፊት የቆመው ሰው ነው። ያሬድና ገብረ መስቀል ዜማውን ስለሚሰሙ ቁስሉን አያዩም፤ እኛ ግን ሥዕል ድምፅ ስለሌለው ዜማውን አንሰማም፤ ስለዚህ ቁስሉ ይታየናል። የሥዕሉ ስሜት ድርብ የሚሆነው በዚህ ነው፤ ተመስጦው በውስጡ ላሉት ሰዎች ነው፣ ሕመሙ ለተመልካቹ ቀርቷል። ሥዕሉን በመጽሐፍ ገጽ ወይም በሙዚየም ግድግዳ ላይ የሚያይ ሰው ይህ ክፍፍል ይጸናበታል፤ ከሕመሙ ጋር ብቻውን ይቀራል። ሥዕሉ የተሠራው ግን ለዚያ አልነበረም። ክብ በሆነው ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ ማኅሌቱ የሚቆመው ከእርሱ ውጭ፣ በቅኔ ማኅሌቱ ነው፤ ዜማው በበሮቹ አልፎ ሥዕሉ ዘንድ ይደርሳል። በጉና ዙሪያ ባሉ አድባራት በበዓል ሌሊት መቋሚያ ሲዘምና ጸናጽል ሲሰማ፣ ተመልካቹ ያሬድና ንጉሡ የሚሰሙትን ይሰማል፤ በዚያው ጊዜ እነርሱ የማያዩትን ያያል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የሚችለው እርሱ ብቻ ነው። የዚህን ሥዕል ምሳሌ ለመተርጐም ዓይን ብቻ አይበቃም የምንለው ስለዚህ ነው፤ ሥዕሎቻችንን ለማቆየት ስንጥርም ሸራውን ከእርጥበት መጠበቅ የሥራው ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ሥዕሉ ሲሠራ አብሮት የነበረውን ድምፅ ማቆየት ነው፤ ያ ድምፅ ከቆመ የሚቀረው ጸጥ ያሉ ሁለት ሰዎችና አንድ የደማ እግር ነው።